ትሮው ላይን የቱ ይሻላል ላልከው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ፣ የለጠፍከውን ጥያቄ አይቼዋለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ዛፍ የሚቆርጥ ኩባንያ ጋ መሬት ላይ ነው የምሠራው፣ አለቃዬ ገመድ ዛፍ ላይ መስቀል ከቻልክ መውጣት አስተምርሃለሁ ብሎኛል፣ ግን ትሮው ላይኑ (መውጫ ገመዱን ለማሳለፍ መጀመሪያ ዛፍ ላይ የሚወረወረው ቀጭን ሲባጎ) እየተተበተበ፣ ጫፉ ላይ የምትታሰረው ከባድ ከረጢትም ቅርንጫፍ ላይ እየተሰነቀረች ተቸገርኩ፣ የቱን ልግዛ፣ ከረጢቷ ስንት አውንስ ትሁን፣ ቢግ ሾትስ (ከረጢቷን የሚያስፈነጥረው ትልቅ ወንጭፍ) ያስፈልገኛል ወይ ነው ያልከው። ከላይ የመለሱልህ ልጆች የብራንድ ስም ደርድረውልሃል፣ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን እዚህ ሥራ ላይ ስለቆየሁ አዳዲስ ልጆችንም ስለማሠለጥን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልህ፣ ምክንያቱም ነገሩ የሲባጎ ምርጫ ብቻ አይደለም፣ የትኛው ባላ ላይ እንደምትንጠለጠል የሚወሰነው በዚች ቀጭን ክር ነው።

ሲባጎው ላይ ብዙ አትጨነቅ። ገበያ ላይ ያሉት ባብዛኛው ከ1.75 እስከ 3 ሚሊሜትር ናቸው። 1.75ቷ ከፍ ብላ ትሄዳለች ቅርፊትም ብዙ አይዛትም፣ ግን በጓንት ለመያዝ አትመችም፣ ትንሽ ከተዘናጋህ ደግሞ ትተበተባለች። ስለዚህ 2.2ቷን ያዝና ጀምር። ማቴሪያሉ ዳይኒማ የሚባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር ይሁን፣ ብዙ ሰው እጅ ላይ የምታያት የሳምሰኗ ዚንግ ኢት ከሱ ነው የተሠራችው፣ ልሙጥ ነች፣ አትለጠጥም፣ ውሃም አትመጥም። ርካሹ ሻካራ ሲባጎ ኦክ ቅርፊት ላይ ሲደርስ ይያዛል፣ ከረጢቷ እዛው ተንጠልጥላ ትቀራለች። ዳይኒማ ግን ሙቀት አይወድም፣ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፣ ስለዚህ አንዱን ሲባጎ በሌላው ሲባጎ ላይ ወይ በመውጫ ገመድህ ላይ እያሻሸህ በፍጥነት እንዳትጎትት። ቀለሙ ደግሞ ደማቅ ቢጫ ወይ ብርቱካን ይሁን፣ ለምን እንደሆነ ታች እመጣበታለሁ።

ርዝመቱን አስበህ ግዛ። ሲባጎው መውጣት ብቻ ሳይሆን መውረድም አለበት አይደል፣ 80 ፊት (ጫማ) ላይ ላለ ባላ 160 ፊት ያስፈልጋል፣ ከዛፉ ርቀህ የምትቆምበት ሲጨመር ደግሞ ከዛ በላይ ይሆናል። ባለ 150 ፊቱን ገዝተህ ቱሊፕ ፖፕላር ስር ስትቆም ያጥርሃል፣ ያ ዛፍ የመጀመሪያ ቅርንጫፉ ራሱ 50 ፊት ላይ ሊሆን ይችላል። 180 እና ከዛ በላይ ያለውን ውሰድ።

ከረጢቷን በተመለከተ ሁለት ግዛ፣ አንዷ 12 አውንስ ሌላዋ 14 ወይ 16። 8 እና 10 አውንሶቹ ሲወረወሩ ደስ ይላሉ፣ ከፍ ብለው ይሄዳሉ፣ ግን ሻካራ ቅርፊት ላይ ሲያርፉ ሲባጎውን ስበው መውረድ ያቅታቸዋል፣ ያኔ ነው ሰው መጎተት የሚጀምረው። ሁለት ያልኩህ ደግሞ ለመጠባበቂያ አይደለም፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ አንድ ከረጢት እንድታስር ነው፣ እሱን አሁን አሳይሃለሁ።

መተብተቡን በተመለከተ ችግሩ ሲባጎው ሳይሆን አስቀማመጡ ይመስለኛል። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ክርንህ ላይ የምትጠቀልለው ከሆነ በየዙሩ ጥምዝ እየከተትክበት ነው። አትጠቅልለው፣ ዝም ብለህ በእጅህ እየሳብክ እላዩ ላይ ጣለው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንደወደቀ ይቀመጥ፣ ሲወጣም በዛው ተራ ይወጣል። ሲባጎ ማስቀመጫ የሚታጠፍ ኪዩብ ይሸጣል አሪፍ ነው፣ ከሌለህ ግን ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ይበቃል። አዲስ ሲባጎ ከሆነ ከመጠቀምህ በፊት አንዱን ጫፍ ግንድ ላይ አስረህ እስከ መጨረሻው ዘርጋውና በጨርቅ ይዘህ ጠበቅ አድርገህ እየሳብክ ሂድ፣ የስፑሉ ጥምዝ ይወጣለታል። ፓይን ዛፍ ላይ ከሠራህ በኋላ ደግሞ ሙጫውን ጥረገው፣ ሙጫ የነካው ሲባጎ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

አወራወሩን በጽሑፍ ማስረዳት ይከብዳል ግን ልሞክር። ሀገር ቤት ማማ ላይ ቆሞ ወፍ በወንጭፍ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ ጉልበት አይደለም፣ የምትለቅበት ቅጽበት ነው። ሲባጎውን አጥፈህ የከረጢቷ ቀለበት ውስጥ አሾልከው፣ በሁለት እጅህ ይዘህ ከረጢቷን እግሮችህ መሃል አንጠልጥላት፣ ወደኋላና ወደፊት ታወዛውዛታለህ፣ ከዛ ሁለቱንም እጅህን እኩል ትለቃለህ። ሁለት እጅ ስትጠቀም ከረጢቷ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፣ ባንድ እጅ ግን ወደ ጎን ትስባታለህ። ዛፉ ስር ተጠግተህ አትቁም፣ ራቅ በል፣ ባላው ፊት ለፊትህ ይታይህ።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ጀማሪ ከረጢቷ የሆነ ቦታ ላይ ካለፈች ተሳካ ብሎ ገመዱን እዛው ያስገባል። እንደዛ እንዳታደርግ ወንድሜ፣ እለምንሃለሁ። ባላውን አንተ ነህ የምትመርጠው ከረጢቷ አይደለችም። ከመወርወርህ በፊት ዛፉን ዞረህ እየው፣ ወደ ግንዱ የቀረበ፣ ወፈር ያለ፣ ቅርንጫፉ ሰፋ ባለ ማዕዘን የወጣበት ባላ ፈልግ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ፣ እንጉዳይ የበቀለበት፣ ስንጥቅ ያለበት ከሆነ እርሳው። ብራድፎርድ ፒር የሚባለው ዛፍ ባላው ጠባብ ስለሆነ ይሰነጠቃል። የደረቀ አሽ ዛፍ ላይ ደግሞ ጨርሶ አትውጣ፣ በፈረንጅ 2002 ላይ ሚሺጋን የተገኘው አሽ ገዳይ አረንጓዴ ጥንዚዛ በዓመቱ እኛም ጋ ሜሪላንድ ገብቷል፣ ዛፉን ከገደለው በኋላ እንጨቱ በጣም ተሰባሪ ነው የሚሆነው፣ እሱ በክሬን ወይ ሰው ወደ ላይ በሚያነሳ ባለባልዲ መኪና የሚሠራ ሥራ ነው።

እና ሲባጎህ የምትፈልገውን ባላ አልፎ ውጪ ያለ ሌላ ቅርንጫፍም ደርቦ ያዘ እንበል። ሁሉንም ስበህ እንደገና መወርወር የለብህም። ትርፉ ቅርንጫፍ ካንተ ማዶ ከሆነ፣ ማለት ከረጢቷ መጨረሻ ላይ የተሻገረችው እሱን ከሆነ፣ ቀስ ብለህ ወደራስህ ሳብ፣ ከረጢቷ ያን ቅርንጫፍ መልሳ ተሻግራ በሱና ባንተ ባላ መሃል ስትወድቅ ሲባጎውን ልቀቅላት፣ ትወርዳለች። ትርፉ ካንተ ወገን ከሆነ ደግሞ ሁለተኛዋ ከረጢት እዚህ ጋ ነች ሥራዋ፣ አንተ ጋ ባለው ጫፍ ላይ እሰራትና ማዶ ሄደህ ከዛኛው ጫፍ ሳብ፣ ከረጢቷ ወደ ላይ ትወጣና ትርፉን ቅርንጫፍ ተሻግራ መሃል ላይ ትንጠለጠላለች፣ ያኔ ትለቃታለህ። አሁን ሲባጎህ የቀረው አንተ የመረጥከው ባላ ላይ ብቻ ነው። ይሄን ነገር መናፈሻ ውስጥ ዝቅ ያለ ዛፍ ላይ ደጋግመህ ተለማመደው፣ አለቃህ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክረው። ቦታ እያስተካከልክ ጊዜ ስትወስድ የሥራ ጓዶችህ ይጠብቁሃል፣ ቸኩል የሚልህ ካለም አትስማው፣ ሥራው እሱ ራሱ ነው።

ከረጢቷ ስትሰነቀር መጀመሪያ የምታደርገው ማላላት ነው። ሰው በደመነፍስ ይጎትታል፣ በጎተተ ቁጥር ይበልጥ ትገባለች። አላላውና ሲባጎውን ነዘር ነዘር አድርገው፣ ከዛ ቦታ ቀይረህ ከሌላ አቅጣጫ ሞክር። እምቢ ካለና መጎተት ግድ ከሆነ እጅህ ላይ እንዳትጠመጥመው፣ ሥጋ ይቆርጣል፣ ወፈር ያለ እንጨት ላይ አስረህ እንጨቱን ይዘህ ሳብ፣ ፊትህን አዙር፣ ሄልሜትና መነጽር አድርግ፣ ሌላ ሰውም በአካባቢው አይቁም። ቅርንጫፉ ጎብጦ ሲለቅ ከረጢቷ እንደ ጥይት ነው የምትመጣው። ከዛፍ ላይ ባዶ ሲባጎ ስታወጣም ከረጢቷን ፈትተህ፣ ቋጠሮ የሌለበት ባዶ ጫፍ ነው ማሾለክ።

ገመዱን ስታስገባ ዳይኒማ ልሙጥ ስለሆነ ቋጠሮ ይሾልካል፣ ረዘም ያለ ትርፍ ተውለት። ከገመዱ ጫፍ ዝቅ ብለህ እሰር፣ ከዛ ወደ ጫፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ግማሽ ቋጠሮ እያደረግክ ውጣ፣ የመጨረሻው ጫፉ ላይ ይሁን፣ ገመዱ ሾል ብሎ ባላውን እንዲያልፍ። የተሰፋ ቀለበት ያለበትን ጫፍ ሳይሆን ባዶውን ጫፍ ነው ወደ ላይ የምትልከው። ከዛ ማንም ሰው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሆናችሁ ገመዱ ላይ ተንጠልጠሉ፣ አዳምጡ፣ ባላውን እዩት። በተለይ ኤስ አር ቲ (ባንድ በማይንቀሳቀስ ገመድ) የምትወጡና ገመዱን ግንዱ ስር የምታስሩ ከሆነ ላይ ያለው ባላ የሚሸከመው የሚወጣውን ሰው ክብደት እጥፍ ገደማ ነው፣ ይሄን ብዙ ልጅ አያውቀውም።

ኤሌክትሪክ ሽቦ ነገር። ከረጢቷ ባላውን ስትስት የት ነው የምትደርሰው ብለህ አስብ፣ እዛ ሽቦ ካለ አትወርውር፣ እርጥብ ወይ የቆሸሸ ሲባጎ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የሽቦ ሥልጠና የሌለው ሰው እስከ 50 ኪሎ ቮልት ድረስ ቢያንስ 10 ፊት መራቅ አለበት፣ ሰውየው ብቻ ሳይሆን የያዘውም ዕቃ ጭምር፣ ቤት ድረስ የሚገባውንም ሽቦ ከዛው ቁጠረው።

ቀለሙ ደማቅ ይሁን ያልኩህ በቺፐሩ (ቅርንጫፍ በሚፈጨው ማሽን) ምክንያት ነው። መሬት ላይ የተረሳ ሲባጎ ከቅርንጫፍ ጋር ተጎትቶ ቺፐር ውስጥ ከገባ ባንድ አፍታ ነው የሚጠቀለለው፣ ሌላኛው ጫፍ እግር ላይ ከነበረ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ገመዱ እንደገባ ሲባጎው ወዲያው ባልዲው ውስጥ፣ ባልዲው ደግሞ ቅርንጫፍ ከሚጎተትበት መንገድ ውጪ። አንተ መሬት ላይ ስለምትሠራ ይሄ ከማንም በላይ ያንተ ሥራ ነው።

ቢግ ሾቱን አሁን አትግዛ። 8 ፊት ገደማ ዘንግ ላይ የተሠካ ትልቅ ባለላስቲክ ወንጭፍ ነው፣ እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ በደንብ ያደርሳል፣ ግን መጀመሪያ በእጅህ ከረጢት ማዘዋወር ካልቻልክ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይበልጥ ነው የምትቸገረው። ኩባንያህ ካለው ከሚያውቅ ሰው ጋር ተለማመድበት፣ ላስቲኩ መሰንጠቁን ሁሌ አይተህ፣ ማዶ ቤት፣ መኪናና ሰው አለመኖሩን አረጋግጠህ። የምትሠራበትን ዛፍ ፎቶ ከሁለት ሦስት አቅጣጫ አንስተህ የመረጥከውን ባላ ምልክት አድርገህ እዚሁ ለጥፈው፣ የት ቆመህ ብትወረውር እንደሚሻል አይቼ እነግርሃለሁ።