ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ኤኤምዲ64? ስለ ፕሮሰሰርና ስለሚወርደው ፋይል ጥያቄና መልስ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ከፒያሳም ከሜክሲኮም የሚመጣልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ሆኗል። ላፕቶፑ ደህና ይሠራል፤ ባለቤቱ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወይም አዲስ ዊንዶውስ መጫን ፈልጓል። ማውረጃው ላይ ግን አራት አምስት ፋይል ተደርድሯል። ዳታ በብር ነው የሚገዛው፤ ያን ሁሉ ጊጋ አውርዶ “አይሠራም” መባል ያንገበግባል። ስለዚህ ዛሬ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ላፕቶፔ ኢንቴል ኮር አይ5 ነው። ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ፋይል ግን “ኤኤምዲ64” ይላል። የኢንቴሉ የት አለ? (ከ4 ኪሎ፣ ተማሪ)

እሱ ራሱ ነው ወንድሜ፣ ሳትፈራ አውርደው። ስሙ ብዙ ሰው ያደናግራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንቴል ከ32 ወደ 64 ቢት (ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚሠራበት የመረጃ መጠን ነው) ለመሻገር ኢታኒየም የሚባል አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰር ይዞ ነበር። የቆዩት ፕሮግራሞች እዚያ ላይ እንደልብ አልሄዱም። ተፎካካሪው ኤኤምዲ በሌላ መንገድ መጣ፤ የነበረውን አሠራር ወደ 64 ቢት አስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ኦፕቴሮን የሚባለውን ፕሮሰሰር አወጣ። የድሮው ፕሮግራም ሁሉ እዚያው ላይ ሠራ። ገበያው ወደዚያ ሲያደላ ኢንቴልም በ2004 ያንኑ አሠራር ተቀበለ። ስሙ ግን ከጀማሪው ጋር ቀረ።

ስለዚህ ኤኤምዲ64፣ ኤክስ86-64 እና ኤክስ64 ሦስቱም አንድ ናቸው፤ የኢንቴልም የኤኤምዲም ላፕቶፕ ይወስዳቸዋል። “አይኤ64” የሚል ካየህ እለፈው፤ የኢታኒየም ነው፣ አንተ ቤት አይገኝም።

የኔ 32 ቢት ነው ብለውኛል። በእርግጥ እንዴት ልወቅ? (ከፒያሳ)

ሴቲንግ ክፈቺ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ወደ ታች ወርደሽ አባውት። “ሲስተም ታይፕ” የሚል መስመር አለ። እህቴ፣ ይህን መስመር እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ሁለት ነገር ነው የሚናገረው። የመጀመሪያው ግማሽ አሁን የተጫነው ዊንዶውስ ስንት ቢት እንደሆነ ይነግርሻል። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ስለ ፕሮሰሰሩ ነው። ለምርጫሽ የሚያስፈልግሽ ሁለተኛው ነው።

“32 ቢት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኤክስ64 ፕሮሰሰር” የሚል ብዙ አጋጥሞኛል። ጥገና ቤት ፎርማት ሲያደርጉት እጃቸው ላይ በነበረው ፍላሽ ባለ 32 ቢቱን ጭነውበት ነው። ማሽኑ ራሱ 64 ቢት ይችላል። ባለቤቱ ግን ዓመታት ሙሉ “የኔ ደካማ ነው” ሲል ይኖራል። 8 ጊጋ ራም ቢኖረው እንኳ ያ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምበትም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎበት የገዛው ራም ነው። ያንቺም እንዲህ ከሆነ ባለ 64 ቢቱን ፋይል አውርጂና እንደ አዲስ ጫኚ። ከ32 ወደ 64 በአፕዴት አይኬድም፤ ስለዚህ ፋይሎችሽን ቀድመሽ ኮፒ አድርጊ።

በቢሮዬ ያለው ፔንቲየም 4 ነው፣ ራሙ 1 ጊጋ። ደብዳቤ ብቻ ነው የምጽፍበት። ምን ይሻለኛል ልጄ? (ከካዛንቺስ)

ጋሼ፣ መጀመሪያ ያንኑ “ሲስተም ታይፕ” ይመልከቱልኝ። በኋላ የወጡት አንዳንድ ፔንቲየም 4ዎች 64 ቢት ይችላሉ። በእርግጥ 32 ቢት ከሆነ “አይ386” የሚለውን ፋይል ነው የሚፈልጉት። እሱ ደግሞ እየጠፋ ነው። ኡቡንቱ ከ17.10 ጀምሮ ለዴስክቶፕ አያወጣውም። ዴቢያን የሚባለው ሌላ ሊኑክስ 12ኛ እትሙ (ዴቢያን 12) አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ግን ለ32 ቢት መጫኛ የለውም።

ዴቢያን 12ን ከቀላል ዴስክቶፕ ጋር ቢጭኑት ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ያትማሉ። ባንክዎን ግን በእሱ ባይከፍቱ ደስ ይለኛል። ትንሽ ገንዘብ ካለዎት ያገለገለ ባለ 64 ቢት ዴስክቶፕ ቢገዙ ይሻላል።

ዊንዶውስ 11 “ይህ ፒሲ አያሟላም” አለኝ። ፕሮሰሰሬ 64 ቢት፣ ያውም ኮር አይ7 ነው! (ከሜክሲኮ)

64 ቢት መሆኑ ብቻ አይበቃውም። ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው። በተጨማሪ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ ነው)፣ 4 ጊጋ ራም እና 64 ጊጋ የማከማቻ ቦታ ይጠይቃል።

ጄኔሬሽኑን ከቁጥሩ ታነበዋለህ። “አይ5-8250ዩ” ከሆነ ከጭረቱ ቀጥሎ ያለው 8 ነው፤ 8ኛ ጄኔሬሽን። “አይ7-7500ዩ” 7ኛ ነው። “አይ7-10510ዩ” ደግሞ 10ኛ። ስለዚህ ሻጩ “ኮር አይ7 ነው” ሲልህ ገና ምንም አልነገረህም፤ ሙሉውን ቁጥር አሳየኝ በለው። ለዊንዶውስ 11 ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽን አይ3 ከ4ኛ ጄኔሬሽን አይ7 ይሻልሃል።

ጄኔሬሽኑ አልፎ ቲፒኤም ብቻ ከጎደለ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ገብተህ ፈልገው፤ ብዙ ጊዜ አለ፣ ሳይበራ ቀርቶ ነው። ጄኔሬሽኑ ካላለፈ ሊኑክስ ሚንት ኤኤምዲ64ን ውሰድ፤ በደንብ ይሠራልሃል።

እህቴ ከውጭ ማክቡክ ኤም1 ላከችልኝ። ኡቡንቱ መጫን እችላለሁ? (ከስታዲየም)

እዚህ ላይ ኤኤምዲ64 አይሠራም። አፕል እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ የራሱን ኤም ተከታታይ ፕሮሰሰሮች ማስገባት ጀምሯል፤ እነሱ አርም የሚባል ሌላ ዓይነት የፕሮሰሰር ቤተሰብ ናቸው። ግን “አርም64” የሚለውን አውርደህ ፍላሽ ላይ ብትጭነውም ማኩ በቀጥታ አይነሳበትም። ለኤም1 እና ኤም2 አሳሂ የሚባል የሊኑክስ ፕሮጀክት አለ። ለመማር ብቻ ከሆነ ግን ማክህን አትንካው፤ ቨርቹዋል ማሽን (በማክህ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ አርም64ን ክፈት። በአፕል ምልክቱ ስር “ስለዚህ ማክ” የሚለውን ስትከፍት “ኢንቴል” ካለ ግን ነገሩ ይቀየራል፤ ያኔ ኤኤምዲ64 ነው።

አቶም የሚባለው የኢንቴል አነስተኛ ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ላፕቶፕ አለኝ። 64 ቢት ነው ይላል፣ ፍላሹን ግን ጨርሶ አያየውም።

በአንድ ወቅት የወጡ አቶሞች ፕሮሰሰራቸው 64 ቢት ሆኖ ማስነሻቸው፣ ማለትም ዩኢኤፍአይ፣ 32 ቢት ነው። ፋይሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አይነሳም። ዴቢያን ለእንዲህ ዓይነቱ ድጋፍ አለው፤ እሱን ሞክር።

ማውረዱ ግማሽ ላይ እየተቋረጠ ዳታዬ አለቀ። ምን ላድርግ?

በቶሬንት (ፋይሉን ከብዙ ሰው በቁርጥራጭ የሚያወርድ መንገድ) አውርጂ። ኡቡንቱም ሚንትም ዴቢያንም በይፋ ያቀርቡታል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ሚንት 3 ጊጋ ገደማ ነው፣ ኡቡንቱ 24.04 ከ5 ጊጋ በላይ። የዴቢያን ትንሹ መጫኛ ከ1 ጊጋ በታች ቢሆንም አያታልልሽ፤ ቀሪውን ሲጫን ከኢንተርኔት ይስባል። ከሁሉም የሚረክሰው ግን ጓደኛ ጋ ካለ በፍላሽ መቀበል ነው። የእነዚህን ሊኑክሶች ፋይል መቀባበል ሕጋዊ ነው።

ከሰው ስትቀበዪ ግን ፋይሉን አረጋግጪ። ሰቨን-ዚፕ ካለሽ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ አድርገሽ ሻ-256 የሚለውን ምረጪ። ረጅም የፊደልና የቁጥር ተርታ ያወጣልሻል። የሥርዓቱ ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። አንድ እንኳ ከተለየ አትጫኚው።