ፖል ውስጥ ጌት-ፋይል ለምትጠራው ወንድሜ፦ መጀመሪያ የከርነሉን ስሪት እይ

የለጠፍከውን የካሳን (KASAN፣ በሊነክስ ከርነል ውስጥ የሜሞሪ ስህተትን የሚያጋልጥ መሣሪያ) ሪፖርት አየሁት። ድራይቨርህ ፖል ፈንክሽኑ (ፋይሉ ዝግጁ መሆን አለመሆኑን የሚመልሰው) ውስጥ ጌት-ፋይል (የፋይሉን ሪፈረንስ ቆጣሪ በአንድ የሚጨምረው) ይጠራል። ፕሮግራምህ ኢፖል (ብዙ ፋይሎችን በአንድ ላይ የሚከታተል የከርነል አገልግሎት) ላይ ይጠብቃል። ሌላው ትሬድ (በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ፋይሉን ሲዘጋው ከርነሉ ይወድቃል። «ሪፈረንስ ይዤ እንዴት የተለቀቀ ሜሞሪ ነካህ እባላለሁ?» ነው ጥያቄህ፤ ሪፈረንስ ማለት ፋይሉ በሥራ ላይ እያለ እንዳይፈርስ የሚያደርግ ቆጠራ ነው። እኛን ብዙ ያንከራተተን ነገር ስለሆነ አንተ እንዳትደክምበት ልንገርህ።

1. ኮድህን ሳትነካ የከርነሉን ስሪት እይ። ከ6.9 በፊት ከሆነና ከታች የምነግርህ የ2024ቱ የኢፖል ማስተካከያ ካልገባበት፣ ድራይቨርህን ብትገለብጠው ከንቱ ልፋት ነው።

2. ኢፖል የተመዘገበለትን ፋይል ሪፈረንስ አይዝም። ይህ ሆን ተብሎ ነው። ቢይዝ ኖሮ የዘጋኸው ሶኬት ከኢፖል እስክታወጣው ድረስ አይዘጋም ነበር። ያለው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ብቻ ነው፤ ፋይሉ ሲሞት ኤፍፑት (ሪፈረንስ የሚለቀው ፈንክሽን) ከኢፖል ዝርዝር ያስወጣዋል። ጉዱ ያለው እዚህ መሀል ነው። አንዱ ትሬድ ክሎዝ ሲል የፋይሉ ሪፈረንስ ቆጣሪ ዜሮ ይገባል፤ ከዝርዝሩ ለመውጣት ግን የኢፖሉን ሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያስገባ ቁልፍ) መጠበቅ አለበት። ሎኩን የያዘው ኢፖል-ዌይት ውስጥ ያለው ትሬድ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያችው ቅጽበት ያንተን ፖል እየጠራ ነው። ያንተ ጌት-ፋይል ዜሮውን አንድ ያደርገዋል። ቆይተህ ስትለቀው እንደገና ዜሮ ይገባል፣ ፋይሉም ሁለተኛ ጊዜ ይፈርሳል።

3. ይህን በዓይንህ ለማየት፣ ከጌት-ፋይሉ በፊት ኤምስሊፕ (ትሬዱን ለጥቂት ጊዜ የሚያስቆም ፈንክሽን) አስገባ። እኛ የካሜራ ቦርድ ላይ ነበር የገጠመን። አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚወድቅ ቦርዱን የሸጠልን ድርጅት አላምን አለ። ሎግ ስንልክ «ፓወር ሰፕላያችሁን ቀይሩ» ይሉናል። ቀየርን። ከዚያ «ሜሞሪው ሞቆ ነው» አሉ። ሎጉን ገልጠው እንዳላዩት ከመልሳቸው ያስታውቃል፤ የሚያናግሩን ደግሞ እንደ ተማሪ ነው። ኤምስሊፑን ሳስገባ ግን ፋይሉ በተዘጋ ቁጥር ይወድቅ ጀመር። የሁለቱንም ትሬድ መንገድ መስመር በመስመር አስቀምጬ ላክሁላቸው። መልሱ «የእኛ ከርነል የተፈተነ ነው» ሆነ፤ ጉዳዩንም ዘጉት። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ማስተካከያውን ራሳችን አስገባን፤ ቦርዱ ከዚያ ወዲህ በዚህ ምክንያት ወድቆ አያውቅም። በዚህ ሥራ እኮራለሁ።

ማስተካከያውን የጻፈው የሊነክስ ፈጣሪ ራሱ ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ሲዝቦት የሚባለው አውቶማቲክ ፈታሽ ዲኤምኤ-በፍ (ድራይቨሮች ሜሞሪ የሚጋሩበት የከርነል ክፍል) ላይ ያገኘው ችግር ከአንተ ጋር አንድ ነው፤ እዚያም ፖሉ ጌት-ፋይል ይጠራል። ሊነስ ግን ያረመው ድራይቨሩን ሳይሆን ኢፖልን ነው። አሁን ኢፖል ፖልን ከመጥራቱ በፊት ቆጣሪው ዜሮ ካልሆነ ብቻ አንድ ይጨምራል። ዜሮ ከሆነ «ምንም የለም» ብሎ ያልፋል። ፖሉ ሲያልቅ የጨመረውን ይለቃል። ወደ ቆዩ የስቴብል ቅርንጫፎችም (እርማት ብቻ የሚገባባቸው ስሪቶች) ስለገባ፣ ሻጭህ ካሻሻለው ቁጥሩ ዝቅ ቢል እንኳ ሊኖርህ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ኮዱን ከፍተህ እይ።

አደራ፣ «ዜሮ ካልሆነ ጨምር» የሚለውን ወስደህ ድራይቨርህ ውስጥ ዝም ብለህ እንዳትለጥፍ! ኢፖል ውስጥ የሚሠራው ሎኩ ስላለ ነው። ሎኩ እስካልተለቀቀ ድረስ በመሞት ላይ ያለው ፋይል በር ላይ ይቆማል፣ ሜሞሪው ለሌላ አይሰጥም። ያለ ሎክ ግን ቦታው ለሌላ ፋይል ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው ዜሮ አይደለም፣ አንተም ተሳክቶልኝ ትላለህ፤ የያዝከው ግን የሰው ፋይል ነው።

በዩዘር በኩል (በፕሮግራምህ) ደግሞ ከክሎዝ በፊት ሁሌም ከኢፖሉ ሰርዝ። በዱፕ ወይም በፎርክ የተባዛ የፋይል ቁጥር (ዲስክሪፕተር) ሌላ ቦታ ካለ፣ ክሎዝ ብትልም ፋይሉ አይሞትም፤ ኢቨንቱም መምጣቱን ይቀጥላል። ያኔ በዘጋኸው ዲስክሪፕተር ልሰርዝ ብትል ኢባድኤፍ (የማይሠራ ዲስክሪፕተር የሚል ስህተት) ብሎ ይመልስሃል።

ስሪቱን አይተህ እዚሁ ጻፍልን፤ የቆየ ከሆነ ማስተካከያውን በማስገባት አግዝሃለሁ።