ከልክ በላይ የሚወሰድ ቫይታሚን ስለሚያስከትለው ጉዳት፦ ከሐዋሳ እድርተኞች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሐዋሳ የሚገኘው የሰፈራችን እድር አባላት ስለ ቫይታሚን እንክብሎች ያሏቸውን ጥያቄዎች በጽሑፍ አሰባስበው፣ በሙያዬ ፋርማሲስት በመሆኔ መልስ እንድሰጥባቸው አስረክበውኛል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣሁም። አስቀድሜ መናገር ያለብኝ፣ በተለመደው መጠን የተዘጋጀ መልቲቫይታሚን በቀን አንድ መውሰድ አብዛኛውን ጤነኛ አዋቂ እንደማይጎዳ ነው። እዚህ የምናገረው ሰውነት በቀን ከሚፈልገው አሥር፣ አንዳንዴም መቶ እጥፍ ስለያዙት ዝግጅቶች ነው።

ጥያቄ፦ የቫይታሚን ትርፉ በሽንት ይወጣል ሲባል እሰማለሁ። እኔም ስወስድ ሽንቴ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ታዲያ ቢበዛ ምን ይጎዳል?

መልስ፦ አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ቫይታሚን ሲ እና የቢ ቤተሰቦች በውሃ ስለሚሟሙ ኩላሊት ትርፋቸውን ያስወግዳል፤ ሽንትዎን ደማቅ ቢጫ የሚያደርገውም ቢ2 ነው፤ ይህ ጉዳት የለውም። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ግን የሚሟሙት በስብ ነው። ከእነዚህም በተለይ ኤ በጉበት፣ ዲ ደግሞ በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚከማቹ፣ ዛሬ የተወሰደው ትርፍ ከወራት በፊት በተወሰደው ላይ ይደመራል። በውሃ የሚሟሙትም ቢሆኑ ሁሉም ጉዳት የላቸውም ማለት አይደለም። ቢ3፣ ማለትም ናያሲን፣ በብዛት ሲወሰድ ፊትንና አንገትን ያቀላል፣ ያቃጥላል፤ በግራም ደረጃ ሲወሰድ ደግሞ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ስለ ቢ6 ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። እግሬ ስለሚደነዝዝ ከመድኃኒት ቤት ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 በአንድ ላይ የያዘ ክኒን እየገዛሁ በቀን ሦስት ጊዜ መውሰድ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አሁን መደንዘዙ ወደ እጄም መጣ። መጠኑን ልጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ። ይህ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ በይበልጥ ያሳሰበኝ ስለሆነ መልሴ ረዘም ይላል።

አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ቢ6 ከ1.3 እስከ 1.7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። እርስዎ የጠቀሱት ዓይነት ክኒን ግን በአንዳንዱ 100፣ በሌላው 200 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወስድ ሰው ከ300 እስከ 600 ሚሊ ግራም ያገኛል ማለት ነው። አሜሪካኖች ለአዋቂ ያስቀመጡት የቀን ጣሪያ 100 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምገማ ጣሪያውን ወደ 12 ሚሊ ግራም ዝቅ አድርጎታል። ቢ6 ሲበዛ የሚጎዳው ስሜት የሚያስተላልፉትን ነርቮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የነርቭ ሐኪሞች በቀን 2 ግራምና ከዚያ በላይ ይወስዱ የነበሩ ሰዎች እጅና እግራቸው እንደደነዘዘና አረማመዳቸው እንደተናጋ ያሳወቁ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ በሚወሰድ አነስተኛ መጠንም ተመሳሳይ ጉዳት ታይቷል።

አስቸጋሪው ነገር የትርፉ ምልክት፣ የእጥረቱ ምልክትና የስኳር ሕመም በነርቭ ላይ የሚያሳየው ምልክት አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ባሰብኝ ባለ ቁጥር መድኃኒቱ አነሰኝ ብሎ ያስባል፣ ይጨምራል፣ ጉዳቱም ይጨምራል። በእርስዎ ላይ የደረሰው የቢ6 ትርፍ ይሁን የስኳሩ ሕመም ከዚህ ሆኜ መወሰን አልችልም። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ የቢ12ን መጠን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ሦስተኛው ተጠርጣሪ እርሱ ነው። ስለዚህ ክኒኑን ይዘው ወደሚከታተልዎ ሐኪም ይሂዱ፤ የቢ12 ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ፤ እጥረት ከተገኘ ቢ12 ለብቻው ይሰጥዎታል። መንስኤው ቢ6 ከሆነ መውሰዱን ሲያቆሙ ስሜቱ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሻሻላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ ላክል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነውን አይሶናያዚድ የምትወስዱ ሰዎች አብሮ የታዘዘላችሁን ቢ6 ይህን አንብባችሁ እንዳታቋርጡ፤ እርሱ መጠኑ አነስተኛ ሲሆን የሚሰጠውም መድኃኒቱ ነርቭ እንዳይጎዳ ለመከላከል ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከአሜሪካ ቫይታሚን ዲ ልካልኛለች፤ በዕቃው ላይ 50,000 የሚል ቁጥር አለው። ለጉልበቴ ሕመም ብዬ በየቀኑ አንድ እወስዳለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትም አለኝ። ሰሞኑን ምግብ አስጠልቶኛል፣ ውሃ ውሃ ይለኛል፣ ሆዴም ደርቋል።

መልስ፦ እናቴ፣ እንክብሉን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙና ነገ ዛሬ ሳይሉ ጤና ተቋም ሄደው የካልሲየምና የኩላሊት የደም ምርመራ ያድርጉ። 50,000 ዩኒት የሚታዘዘው እጥረቱ በደም ምርመራ ለተረጋገጠ ሰው ሲሆን፣ የሚወሰደውም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ነው። የአዋቂ የቀን ፍላጎት 600 ዩኒት፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ 800 ዩኒት ሲሆን፣ ያለ ሐኪም ክትትል የማይታለፈው የቀን ጣሪያ 4,000 ዩኒት ነው። ይህን ስሌት ለልጅዎም ያሳውቋት፤ በዕቃው ላይ ያለውን የሳምንት አወሳሰድ ሳታስተውል እንደላከችው እገምታለሁ።

ቫይታሚን ዲ አንጀት ከምግብ ካልሲየም እንዲቀበል ያደርጋል። ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ ያልፋል፤ እርስዎ የዘረዘሩት የምግብ መጥላት፣ የውሃ ጥምና የሆድ ድርቀት፣ ከዚያም አልፎ የሽንት መብዛት፣ ድካም፣ ግራ መጋባትና የኩላሊት ጉዳት የሚመጡት ከዚህ ነው። የግፊት መድኃኒትዎ ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ እርሱም ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ስለሚይዝ ነገሩን ያከፋዋልና ለሐኪሙ ሳይናገሩ አይቅሩ። እንክብሉን ስላቆሙ ብቻ ጉዳዩ አለቀ ብለው ምርመራውን እንዳይተዉት፤ በስብ ውስጥ የተከማቸው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ወደ ደም መግባቱን ይቀጥላል።

ብዙዎች ፀሐይስ ብታበዛስ ብለው ጠይቀዋል። ቆዳ ትርፉን ራሱ ስለሚያፈርሰው ከፀሐይ ብቻ የቫይታሚን ዲ መመረዝ አይመጣም። የሐዋሳ ፀሐይ እንደማያንስ እናውቃለን፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ የሚውል ወይም አብዛኛውን ቆዳውን የሚሸፍን ሰው እጥረት ሊኖርበት ስለሚችል፣ የሚያስኬደው መንገድ መመርመር እንጂ መገመት አይደለም።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠኝ ክኒን አለ፤ እኅቴ ደግሞ ለቆዳና ለፀጉር የሚሆን ቫይታሚን ሰጥታኛለች። ሁለቱን አብሬ ብወስድ?

መልስ፦ የጤና ጣቢያውን አያቋርጡ፤ ብረትና ፎሊክ አሲድ ነው፣ ለእርስዎም ለጽንሱም ያስፈልጋል። የእኅትዎን ግን ጀርባውን ሳያነቡ አይውሰዱ። በሬቲኖል መልክ ያለ ቫይታሚን ኤ ካለበት በቀን ከ10,000 ዩኒት (3,000 ማይክሮ ግራም) መብለጥ የለበትም፤ ከዚህ በላይ ሲሆን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጽንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያመጣ ይችላል። በካሮትና በጎመን ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ይህን ጉዳት አያመጣም፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው በሚፈልገው ልክ ነው። ጉበት ግን ሌላ ነገር ነው፤ 100 ግራም የበሬ ጉበት ብቻውን ከጣሪያው ሊያልፍ ስለሚችል፣ በእርግዝና ወቅት ጉበትንም ሆነ ጉበት የበዛበትን ዱለት ባያዘወትሩ ይመረጣል። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚወስዱ ሴቶች መድኃኒቱ ራሱ ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ስለሆነና ጽንስን በእጅጉ ስለሚጎዳ፣ በጭራሽ በእርግዝና ጊዜ ሊወስዱት አይገባም።

ከፍተኛ መጠን ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። ቀደም ሲል የአከርካሪ ወይም የራስ ቅል ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች እናት ከሚቀጥለው እርግዝና በፊት ጀምሮ ከተለመደው 400 ማይክሮ ግራም አሥር እጥፍ ገደማ ፎሊክ አሲድ በሐኪም ይታዘዝላታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለሕፃናት በዘመቻ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ 200,000 ዩኒት ነው ይባላል። ይህ መርዝ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 200,000 ዩኒት የሚሰጠው በየቀኑ ሳይሆን በየስድስት ወሩ አንድ ጊዜ ነው። ጉበት አስቀምጦ ቀስ በቀስ ይጠቀምበታል፤ እጥረቱ ዓይን የሚያጠፋና ሕፃናትን ለሞት የሚያጋልጥ ስለሆነ ጥቅሙ በጣም ይበልጣል። አንዳንድ ሕፃን ሊያስመልሰው ወይም ሊነጫነጭ ይችላል፤ በአንድ በሁለት ቀን ይለቃል። ልጁ ጠብታውን የወሰደበትን ቀን መዝግባችሁ ያዙ፤ ሳይታወቅ እንዳይደገምበት።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ሲይዘኝ የሚፈላውን ባለ 1,000 ቫይታሚን ሲ በቀን አራት ጊዜ እጠጣለሁ። ቀድሞ የኩላሊት ጠጠር ነበረብኝ።

መልስ፦ ጠጠር ለነበረበት ሰው ይህ መጠን አይመከርም። የቀን ፍላጎት ለወንድ 90፣ ለሴት 75 ሚሊ ግራም ሲሆን ጣሪያው 2,000 ነው፤ እርስዎ 4,000 ይወስዳሉ። ከትርፉ የተወሰነው ወደ ኦክሳሌት ተለውጦ በኩላሊት ስለሚወጣ ጠጠር ሊፈጥር ይችላል፤ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠትም የተለመዱ ናቸው። የሚፈላው ዓይነት ሶዲየም ስላለበት የደም ግፊት ያለበትም ሰው ሊጠነቀቅ ይገባል። ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመው ላይነስ ፖሊንግ ቫይታሚን ሲን በግራም መውሰድ ጉንፋን ይከላከላል ብሎ አጥብቆ ይከራከር ነበር፤ የዛሬውም ልማድ አብዛኛው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ዘወትር የሚወስዱ ሰዎች የጉንፋን ጊዜያቸው በጥቂቱ ብቻ እንደሚያጥር፣ ጉንፋኑ ከጀመረ በኋላ የሚወሰደው ደግሞ አስተማማኝ ጥቅም እንደሌለው አሳይተዋል። ብርቱካን ይብሉ።

ጥያቄ፦ የልብ ቫልቭ ተቀይሮልኝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ቫይታሚን ኢ ለልብ ጥሩ ነው ብለው መክረውኛል።

መልስ፦ ያለ ሐኪምዎ ፈቃድ አይጀምሩ። ቫይታሚን ኢ በከፍተኛ መጠን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ከዋርፋሪን ጋር ሲሆን የመድማት አደጋን ይጨምራል። ቫይታሚን ኬ ደግሞ በተቃራኒው የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል፤ መልቲቫይታሚን ሲቀይሩ እንኳ ኬ ይኑርበት አይኑርበት ያጣሩ። ጎመን በኬ የበለጸገ ነው፤ መተው ሳይሆን በየሳምንቱ የሚመገቡትን መጠን አለመቀያየር ነው የሚፈለገው። ለወንዶች ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ፦ ከ35,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የወጣ ጥናት፣ በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ17 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቷል።

ጥያቄ፦ አጫሽ ነኝ። ሳንባዬን እንዲጠብቅልኝ ቤታ ካሮቲን ልውሰድ?

መልስ፦ አይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1994 በፊንላንድ በአጫሾች ላይ የተደረገ ትልቅ ሙከራ፣ በቀን 20 ሚሊ ግራም የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው እንደጨመረ እንጂ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ካሮት መብላት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ እንድትወፍር ቫይታሚን ነው ተብሎ የተሸጠላትን ሽሮፕ ትወስዳለች። ቀኑን ሙሉ ያስተኛታል።

መልስ፦ ቫይታሚን አያስተኛም። ለማወፈር የሚሸጡ ሽሮፖች አንዳንዶቹ ሳይፕሮሄፕታዲን የተባለ የአለርጂ መድኃኒት ይዘዋል፤ የምግብ ፍላጎት የሚከፍተውም እንቅልፍ የሚያመጣውም እርሱ ነው። ስም የሌለው ክኒን አብሮ ከተሰጣት ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ሊሆን ስለሚችል፣ በድንገት ሳታቋርጥ ከነዕቃው ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ በአንዴ ማቆም ራሱ አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ትንሹ ልጄ የእናቱን የእርግዝና ክኒን ከረሜላ መስሎት ቢበላስ?

መልስ፦ ሳይቆዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ዕቃውን ይዘው ስንት እንደጎደለ ይቁጠሩ። እዚህ ላይ የሚያሰጋው በክኒኑ ያለው ብረት ነው። ካስመለሰውና ካስቀመጠው በኋላ ለጥቂት ሰዓት የተሻለው ቢመስልም እንዳትዘናጉ፤ ከዚያ በኋላ ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለፀጉሬ ባለ 10,000 ማይክሮ ግራም ባዮቲን እወስዳለሁ። በደም ምርመራ እንቅርት እንዳለብኝና ሆርሞኑ እንደበዛ ተነግሮኛል፤ ምልክቱ ግን የለብኝም።

መልስ፦ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ባዮቲን እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ይንገሩ። የቀን ፍላጎቱ 30 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ ትርፉ ሰውነትን እንደሚጎዳ ባይታወቅም በባዮቲን ላይ የተመሠረቱ የላቦራቶሪ ምርመራዎችን ያሳስታል፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሳይበዛ የበዛ ሊያስመስል ይችላል። ከዚህ የከፋው ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን) ለማወቅ በደም ውስጥ የሚለካውን ትሮፖኒን ዝቅ አድርጎ ማሳየቱ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሐኪምዎ ከተስማማ እንክብሉን ቢያንስ ለሁለት ቀን አቁመው ምርመራውን ይድገሙት፤ የላቦራቶሪው ባለሙያም እንዲያውቀው ያድርጉ።