ለሦስተኛ ጊዜ ልትፈተኚ ላሰብሽው እህቴ

እህቴ፣ «የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ጊዜ ወስጄ አልተሳካልኝም፤ ለሦስተኛ ጊዜ ብፈተን ሕክምና የመግባት ዕድሌን ያበላሽብኛል ወይ?» ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ሦስት ጊዜ ተፈትኛለሁ። ዛሬ የሕክምና ተማሪ ነኝ።

ስመደብም፣ ስመዘገብም፣ ሕክምና ስመርጥም «ስንት ጊዜ ተፈተንክ?» ያለኝ አንድም ሰው የለም። የታየልኝ የመጨረሻው ዓመት ውጤቴ ነው። ከሥር «ደጋሚ ሐኪም አይሆንም» ብለው የመለሱልሽን አትስሚያቸው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ብቻ ነበሩ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ደረሰ። እኔ በ2014ም በ2015ም ከወደቁት መካከል ነበርኩ፤ ሰነፍ ግን አልነበርኩም። አንቺም አይደለሽም።

ደጋሚን የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው።

1. ከመመዝገብሽ በፊት ስምሽን ፊደል በፊደል አስተያዪ። በየዓመቱ እንደ አዲስ ስትመዘገቢ ስምሽ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ ለመሳሳትም አዲስ በር ይከፈታል። እኔ በግል ተፈታኝነት ቅጹን ያስሞላሁት ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፤ ልጁ በፍጥነት እየጻፈ «ትክክል ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ያየሁት የስልክ ቁጥሬን ብቻ ነበር። የአባቴ ስም ትራንስክሪፕቴ ላይ በእንግሊዝኛ በሁለት «ኤስ» ነው የተጻፈው፤ ቅጹ ላይ በአንድ «ኤስ» ገባ።

በዚያ በሦስተኛው ፈተናዬ ከመቶ 74 አመጣሁ። እናቴ ውጤቱን ስልኬ ላይ ስታይ መሬት ተንበርክካ አለቀሰች። ከዚያ የተመደብኩበት ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ፤ የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አስተካክለህ ና» አለኝና መለሰኝ።

አዲስ አበባ ተመለስኩ። ስሙን የማልጠራው ቢሮ መስኮቱ መስታወት ነው፤ ከሥሩ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ዝቅ ስላለ ለመናገር ወገብሽን ማጠፍ አለብሽ። ሴትየዋ ወረቀቴን በእጇ እንኳን አልነካችውም፤ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወደ እኔ ገፋችው። «እናንተ እየተሳሳታችሁ እኛ እናስተካክል? ነገ ና።» በማግስቱ ሄድኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ሌላ መስኮት ላኩኝ፤ እዚያም መልሰው ወደ እርሷ ላኩኝ። ምን ወረቀት ማምጣት እንዳለብኝ አንድ ጊዜ እንኳን ቢነግሩኝ ኖሮ ያ ሁሉ ቀን አይባክንም ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። የነገሩኝ በር ላይ የሚቀመጡት ጥበቃ ናቸው። «ልጄ፣ እዚህ ቤት ቃል አይሰማም። ወረቀት አምጣ» አሉኝ፤ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነም ዘርዝረው ነገሩኝ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው።

ፎቶግራፌ ላይ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከትምህርት ቤቴ አወጣሁ። ሁለት ምስክሮች ይዤ ፍርድ ቤት ሄጄ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አስወሰንኩ። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ለአንድ «ኤስ»!

2. የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመት አትናቂው፤ የእኔ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን እዚህ ላይ ነው ዋጋ ያስከፈለኝ። ዩኒቨርሲቲ መግባት ማለት ሕክምና መግባት ማለት አይደለም። ከ2012 ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ሆኗል፤ እኔ ባለሁበት ሕክምና የሚመረጠው እዚያ በሚመጣው ውጤት ጭምር ነው። እኔ ስደርስ ክፍሉ የመጀመሪያውን ፈተና ጨርሶ ነበር። በዚያ ሴሚስተር እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። ሕክምና የገባሁት ለጥቂት ነው፤ አብሮኝ ያለፈ አንድ ጓደኛዬ ግን በአንድ ኮርስ ውጤት ተቆርጦ ቀርቷል።

3. ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ብቻ አታጥኚ። ሁለተኛው ዓመቴ የጠፋው በዚህ ነው፤ ሐኪም ልሆን ነው ብዬ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ትቼ ተቀመጥኩ። ሁሉም ከመቶ ነው የሚታረሙት፤ እኩል ይደመራሉ። በባዮሎጂ ያገኘሁትን በሒሳብ አጣሁትና 46 መጣልኝ። ግማሽ ላላመጡ ተማሪዎች የሚሰጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት መግባት እችል ነበር፤ አባቴም ሂድ አለኝ። አልሄድኩም፤ አልጸጸትበትምም። አንቺ ግን ቤተሰብሽ አንድ ዓመት ተጨማሪ መሸከም የማይችል ከሆነ እንቢ አትበያቸው።

በሦስተኛው ዓመት ቤት መቀመጥ ተውኩ። በየቀኑ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ጠዋት ሒሳብ፣ ከሰዓት እንግሊዝኛ፣ ሳይንሱን በመጨረሻ አደረግኩት። ፈተናው ከ2016 ጀምሮ በኮምፒውተርም መሰጠት ስለጀመረ ጥያቄ ከስክሪን ላይ ማንበብም ተለማመጂ። በወደቅኩባቸው ሁለት ዓመታት በቸርችል ጎዳና ስወርድ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋ ስደርስ ፊቴን አዞር ነበር። በሦስተኛው ዓመት ቆሜ አየሁት። ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች መንገድ ሲሻገሩ አይቼ፣ ወደ ቤት ሄጄ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሒሳብ ሠራሁ።

4. ዘንድሮም ባይሆን መንገዱ አንድ ብቻ ነው ብለሽ ራስሽን አትጉጂ። በ2004 በ13 ተቋማት በተጀመረው አዲስ የሕክምና ትምህርት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሐኪም ሆነዋል። የአክስቴ ልጅ ነርስ ሆና ሠርታ በዚያ ገብታ ዛሬ ሐኪም ናት።

ነገ ጠዋት ትምህርት ቤትሽ ሂጂና ትራንስክሪፕትሽን ከፋይዳ መታወቂያሽና ካለፉት ሁለት ውጤቶችሽ ጋር አስተያዪው፤ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም። ልዩነት ካገኘሽ ምዝገባው ሳይከፈት እዚሁ ጻፊልኝ። ለትምህርት ቤቱ ያስገባሁት ማመልከቻ ቅጂው እጄ ላይ አለ፤ እልክልሻለሁ።