እናትሽን ኪንደርዳይክ ከመውሰድሽ በፊት

እህቴ፣ «እናቴ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ልጅነቷን በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ያሳለፈች ናትና የሆላንድን የነፋስ ወፍጮ ላሳያት። ወፍጮዎቹ ላሉበት ለኪንደርዳይክ መንደር የትኛውን ቲኬት ልግዛ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ ምንም ሳትገዢ ይህን አንብቢ። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት እናቴን ከቢቸና አስመጥቼ ልክ አንቺ ያሰብሽውን አድርጌያለሁ። የከፈልኩት ገንዘብ ሳይሆን የዚያን ቀን የእናቴ ፊት ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

1. የኪንደርዳይክ ወፍጮዎች እህል አይፈጩም። 19ኙም የተሠሩት ውኃ ለማውጣት ነው፤ አብዛኞቹ ከ1738 እስከ 1740 ድረስ የቆሙ ናቸው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መሬቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውኃ ይተኛበታል። ነፋሱ ክንፎቹን ሲያዞር ከታች ያለው መንኮራኩር ውኃውን ከዝቅተኛው ቦይ እያፈሰ ወደ ከፍተኛው ያሻግረዋል፤ ከዚያም ወደ ሌክ ወንዝ ይወጣል። ድንጋይ የለ፣ ቋት የለ፣ ዱቄት የለ። ቦታው እጅግ ውብ ነው፤ ዩኔስኮ በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ለወራት በስልክ «ነፋስ ሲፈጭ ታያለሽ» እያልኩ እናቴን ሳስጎመጃት ነበር። አንዱ ወፍጮ ውስጥ ገብታ የቀድሞው ወፍጮ ጠባቂ ከነቤተሰቡ ይተኛበት የነበረውን ቁም ሣጥን የመሰለ አልጋ አየች፤ ወጥ ቤቱን አየች፤ ዞራ ዞራ «ዱቄቱስ በየት ነው የሚወርደው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

2. ቲኬት ከአስጎብኚ አትግዢ። በወፍጮዎቹ መካከል ያለው የእግር መንገድ ለማንም ክፍት ነው፤ የሚከፈለው ለመጎብኘት ወደተዘጋጁት ወፍጮዎች ውስጥ ለመግባትና ለጀልባው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ አስጎብኚ ቢሮ ሄጄ ለሁለታችን ከመቶ ዩሮ በላይ ከፈልኩ። ከመክፈሌ በፊት «እህል ሲፈጩ እናያለን?» ብዬ በግልጽ ጠይቄያለሁ፤ «አዎን» ተብያለሁ። በማግስቱ ተመልሼ ስጠይቅ ያው ሰውዬ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ «ወፍጮ አላያችሁም? አይታችኋል» አለኝ። ይቅርታ እንኳ ከአፉ አልወጣም። እናቴ ደጅ ቆማ ትጠብቀኝ ስለነበር ዝም ብዬ ወጣሁ፤ ዝም ማለቴ አሁንም ያናድደኛል።

3. ስኪዳም ሂጂ። ከሮተርዳም በሜትሮ ቅርብ ነው። ይህን የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እናቴ ልትመለስ አምስት ቀን ሲቀራት። በከተማዋ ያሉት ወፍጮዎች በዓለም ረጃጅሞቹ ናቸው፤ በ1803 የተሠራው ደ ኖርድ 33 ሜትር ያልፋል። እንዲህ ያስረዘሟቸው የከተማው ቤቶች ነፋሱን ስለሚጋርዱባቸው ነው። ይፈጩ የነበረውም በአብዛኛው ለየኔቨር፣ ማለትም ለአገሩ አረቄ የሚሆን ብቅልና እህል ነበር። ይህን ስነግራት እናቴ ከት ብላ ሳቀች፤ «ብቅልማ እኔም አውቃለሁ!» አለች።

የገባነው በ1785 የተሠራው ደ ፍራይሃይት ነው፤ ስሙ «ነጻነት» ማለት ነው። ክንፎቹ ይዞራሉ፣ ሰማያዊ ባንዲራ ተሰቅሏል። ሰማያዊ ባንዲራ ካየሽ ወፍጮው ለጎብኚ ክፍት ነው ማለት ነውና በየትም ከተማ ስታይው ግቢ። ገና ደረጃውን ሳንጨርስ የዱቄቱ ሽታ መጣ፤ እናቴ ቆም ብላ ትንፋሿን ሳበች። ወፍጮኛው ከቋቱ ዱቄት ዘግኖ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሸው ነበር። እርሷም ሳትጠየቅ እጇን ሰዳ ዘገነችና እንደ እርሱ አሸችው። «ገና ነው፣ አልላመም» አለች። ስተረጉምለት ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ድንጋዮቹን በጥቂቱ አቀራረባቸው።

ከዚያ «ማን ነው የሚወቅረው?» ብላ ጠየቀች። የመውቀርን የደች ቃል አላውቀውም ነበር። እርሷ ግን አልጠበቀችኝም፤ ጎንበስ ብላ በጡጫዋ ወለሉን ቆረቆረች። ሰውዬው ወዲያው ገብቶት የሚወቅርበትን መዶሻ አመጣ፤ ጥግ ላይ ተጋድሞ የነበረ አሮጌ ድንጋይም አሳያት። በጣቷ እየዳበሰች «እነርሱ በመስመር በመስመር ነው የሚወቅሩት፤ እኛ እንዲያው ነጠብጣብ ነው የምናደርገው» አለች። እኔ አሥራ አራት ዓመት እዚህ ኖሬ የማላውቀውን ነገር ሁለቱ ያለ ቋንቋ ተነጋገሩ። የወፍጮኞች ሙያ በ2017 በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙዎቹ ተምረው፣ ተፈትነው በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ የጠየቃቸውን ሰው አያመናጭቁም።

አሁን ስለ እናትሽ። ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ከመጀመሪያው ፎቅ በላይ አትውሰጃቸው፤ ሲወርዱም ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው ይውረዱ። ነጠላቸውን ከታች ያስቀምጡ፤ የሚዞረው ጥርሳማ መንኮራኩር ጨርቅ ይይዛል። ከመሄድሽ በፊት በዚያ ቀን መፍጨታቸውን ደውለሽ አረጋግጪ፤ ነፋስ ከሌለ ድንጋዩ አይዞርም። የሚመጡት በፈረንጆቹ ሜይ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ቅዳሜና እሑድ የወፍጮ ቀን ስለሆነ በመላ አገሪቱ ብዙ ወፍጮዎች ይከፈታሉ። ዱቄት የሚሸጡ ከሆነ ግዢላቸው። እናቴ ሁለት ኪሎ ይዛ ተመልሳ በዚያው ማታ ድፎ ደፋችልኝ።