እስኪታረቁ ልጹም ብዬ ተሳልኩ፤ አልታረቁም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የ16 ዓመት ልጅ ነኝ። ከእናቴና ከአባቴ ጋር ከአገር ከወጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። በመጣን በዓመቱ ተለያዩ። በሳምንቱ ከእናቴ ጋር ነኝ፤ ዓርብ ማታ አባቴ ይወስደኛል፣ እሑድ ማታ ይመልሰኛል። እስኪታረቁ ድረስ በየቀኑ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ልጾም ተሳልኩ። ወራት አለፉ፣ አልታረቁም። ያልተሰማልኝ በኃጢአቴ ነው? «አባትህንና እናትህን አክብር» ይላል፤ አንዱን ስታዘዝ ሌላው ከተቀየመኝ የቱን ልስማ? አያቴ ከአገር ቤት ሲደውሉ ደግሞ እናቴ «አባቴ ሥራ ገብቷል በያቸው» ትለኛለች። ይህስ ውሸት አይሆንብኝም?

መልስ፦ ልጄ፣ የጾሙን ሥርዓት እንደምታውቂው ከጥያቄሽ አይቻለሁና እሱን አላነሣም። የምቆመው «ያልተሰማልኝ በኃጢአቴ ነው?» ያልሽው ላይ ነው። ወላጆቻቸው የተለያዩ ልጆች ይህን በልዩ ልዩ መልክ ያመጡታል። አንዱ «ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላቆምኩ ነው» ይላል፤ ሌላዋ «ለእኔ ትምህርት ብለው ባይሰደዱ ኖሮ አይጣሉም ነበር» ትላለች። ሁሉም ጋ ያለው ስሕተት አንድ ነው፤ የእናትና የአባታቸው ትዳር በእነርሱ ጫንቃ ላይ የቆመ ይመስላቸዋል። አይደለም። ትዳር በሁለት ዐዋቂዎች መካከል በእግዚአብሔር ፊት የተገባ ቃል ነው፤ የሚጠየቁበትም እነርሱ ናቸው። በሕዝቅኤል 18፥20 «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» የተባለው ለአንቺም ነው።

አብርሃም ከአጋር የወለደውን ልጅ፣ እስማኤልን አስቢው። ሲባረር ብዙ ሰው የሚታየው እንደታቀፈ ሕፃን ነው። ቊጥሩን ተከትለሽ አንብቢ፦ እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር (ዘፍ 16፥16)፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100 (21፥5)። አጋርና ልጇ የወጡት ይስሐቅ ጡት ከጣለ በኋላ ነውና እስማኤል ያን ጊዜ 14 ዓመት አልፎታል። ያንቺ እኩያ ነው ማለት ነው። ከአባቱ ቤት ወጥቶ፣ ከእናቱ ጋር በማያውቀው ምድረ በዳ፣ ውኃው አልቆበት። መጽሐፍ ግን ወላጆቹ ተመልሰው አብረው ኖሩ አይለንም። የሚለን እግዚአብሔር የብላቴናውን ድምፅ ባለበት ስፍራ እንደ ሰማ (21፥17)፣ ከእርሱም ጋር እንደ ነበረ ነው (21፥20)። ጸሎቱ ተሰምቷል፤ ቤቱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ እንደሚችሉ ካልገባሽ፣ ወላጆችሽ ተለያይተው ባደሩ ቊጥር እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብሽ ይመስልሻል።

ስለ ስለትሽ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ገደብ የለውም፤ ፍጻሜውም የተንጠለጠለው አንቺ በማታዢያቸው በሁለት ሰዎች ፈቃድ ላይ ነው። እግዚአብሔር ማንንም አስገድዶ አያስታርቅም። እነርሱ እምቢ ባሉ ቊጥር የምትቀጪው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እንዲህ ያለውን ዕዳ ቤተ ክርስቲያን በልጅ ላይ አትጭንም። በኦሪት እንኳ ዘኍልቍ ምዕራፍ 30 ላይ፣ በአባቷ ቤት ያለች ብላቴና የተሳለችውን አባቷ በሰማበት ቀን ቢከለክላት ስለቱ አይጸናባትም፣ እግዚአብሔርም ይቅር ይላታል። የልጅ ስለት ዐዋቂ የሚያየው፣ የሚመዝነው እንጂ በጓዳ ብቻዋን የምትጨርሰው አልነበረም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያሽ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ንስሓ አባት ያዢ። የቀድሞው ንስሓ አባታችሁ አገር ቤት ናቸው ብለሽ አትቆዪ። ስትቀርቢ የስለቱን ቃል ሳትለውጪ ተናገሪ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነም አትደብቂ። ከዚያ ስለ ሰውነትሽ፦ የሚያዞርሽ ከሆነ፣ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚጥልሽ ከሆነ፣ ክብደትሽ ከቀነሰ። ልጆች ይህን የመጨረሻውን «ድካም ማውራት ትምክሕት ነው» ብለው ይደብቃሉ፤ ንስሓ አባቱም ሳያውቁት ይፈርዳሉ። ምናልባት ስለቱን በመዝሙረ ዳዊት ንባብ ወይም በልክ በተወሰነ ስግደት ይለውጡልሻል። እስከዚያው የቤተ ክርስቲያንን አጽዋማት ብቻ ጹሚ፣ ምሳሽንም ብዪ። ከጠየቁሽ መምህሩ ነው ያለኝ በዪ፣ ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን። ለእናትሽም እየጾምሽ እንደ ቆየሽ ንገሪያት።

ማክበርን በተመለከተ፣ ወገን መያዝ አይደለም። ከቤት የወጣው እስማኤል በ89 ዓመቱ ከይስሐቅ ጋር ሆኖ አባቱን ቀብሯል (ዘፍ 25፥9)፤ እናቱን ግን ለዚያ ብሎ አልካደም። አንቺም በእናትሽ ቤት የእናትሽን ሥርዓት፣ በአባትሽ ቤት የአባትሽን ሥርዓት ጠብቂ። የአንዱን ቤት ወሬ ወደ ሌላው አታድርሺ። እናትሽ «አባትሽን ገንዘቡን ላክ በዪው» ስትልሽ «እማዬ፣ ይህን አንቺው ብትጽፊለት ይሻላል፤ እኔ ስነግረው ይጣመማል» በያት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቅሽ ልትቆጪ ትችያለሽና ያን ጊዜ ዝም ብለሽ ክፍልሽ ግቢ።

የአገሩን ቋንቋ ከሁለቱም ይልቅ የምትችይው አንቺ ስለሆንሽ ደብዳቤ ሁሉ ወደ አንቺ መምጣቱ አይቀርም። የመብራቱን፣ የትምህርት ቤቱን ተርጉሚ። የፍቺና የአሳዳጊነት ወረቀት ከሆነ ግን አትንኪው። አባቷ በእናቷ ላይ የጻፈውን ክስ ለእናቷ እያነበበች ሁለቱንም ማክበር የምትችል ልጅ የለችም። አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ካጡም ከሰበካው ቋንቋውን የሚችል ዐዋቂ ይፈለግ።

ዓርብ ማታ የሚፈጠረውንም እገምታለሁ። አባትሽ ሳምንቱን ሙሉ ናፍቆሽ የፍስክ ምግብ ሠርቶ ይጠብቅሻል፤ አንቺ «ዓርብ ነው» ትያለሽ፤ እርሱ የሚሰማው የእናትሽን ድምፅ ነው። በዚህ ብቻ ቅዳሜና እሑድ ይበላሻል። ረቡዕ ደውይለትና «አባዬ፣ ዓርብ የጾም እንብላ፣ ያን የምወደውን ለቅዳሜ ምሳ አቆይልኝ» በዪው። የእሑዱን ቅዳሴም አብረሽ አንሺ፤ ሰዓቱን ንገሪው፣ በር ድረስ እንዲያደርስሽ ለምኚው፤ መግባት አለመግባቱን ለእርሱ ተዪለት። እሱ ባይጾም አትውቀሺው። ኢሳይያስ «ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ» ያላቸው (58፥4) ጾመው ነበር።

አንድ ነገር ግን ከማክበር አይቆጠርም። በየትኛውም ቤት ድብደባ ካለ፣ ዝም ማለት ትሕትና አይደለም፤ ለንስሓ አባትሽም፣ በትምህርት ቤትሽ ለምታምኚው ዐዋቂም በዚያው ቀን ተናገሪ።

ይህን የምታነቡ ወላጆች ካላችሁ «ልጆቻችሁን አታስቈጡአቸው» (ኤፌ 6፥4) ለተለያዩም ይሠራል። ልጃችሁን «ማንን ትወጃለሽ?» አትበሏት።

ስለ አያትሽ፦ «ሥራ ገብቷል» አትበዪ፤ ውሸት ነው። ሁሉን መዘርዘርም የአንቺ ሥራ አይደለም። እናትሽን ስልኩ ሳይደወል አስቀድመሽ «ከእንግዲህ ይህን አልላቸውም፤ ከጠየቁኝ ስልኩን ለአንቺ እሰጣለሁ» በያት። አያትሽ ሲጠይቁሽም «እማማ፣ የአባቴን ነገር እማዬ ትንገርዎት፤ እኔ ደኅና ነኝ፣ እርስዎ ጉልበትዎ እንዴት ነው?» በያቸውና ስልኩን አቀብያት።