ከመንገድ ውሻ ለማንሳት ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው፤ የምኖረውም ባሕር ዳር። ከመንገድ ውሻ አንስቶ ስለማሳደግ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጎጃም ከየአካባቢው ጥያቄ መጥቷል።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰፈራችን የሚዞር ውሻ አለ። ግቢዬ ላስገባው ፈልጌ ነበር። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ባለቤት እንዳለው ጠይቂ። እኛ ዘንድ ቀን ሲዞር ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባ ውሻ ብዙ ነው። ባለቤት ከሌለው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጂው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ የቁንጫና የመዥገር መከላከያ ያስፈልገዋል። ክትባቱን በየዓመቱ አስደግሚ፤ ካርዱንም አስቀምጪ። አንገቱ ላይ ማሰሪያ አድርጊለት። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ የሚገድሉ ከተሞች አሉ፤ ማሰሪያው ባለቤት እንዳለው ያሳያል። የመጀመሪያ ሰሞን ቢደበቅ አትጎትቺው። ምግቡን አስቀምጠሽ ዞር በይ።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ ቡችላ መቼ ይከተባል?

የእብድ ውሻውን ሦስት ወር ሲሞላው። ሁለት ወር ሳይሞላው ግን ከእናቱ አትለዩት።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ ዶክተር፣ ከመንገድ ያመጣነው ቡችላ ሲጫወት ልጄን ነከሳት። ትንሽ ነው የደማችው። እናቴ ጸበል ይበቃታል ይላሉ።

ጸበሉን ማንም አይከለክላችሁም። ጤና ጣቢያ ግን ዛሬውኑ ውሰጃት። ከመሄዳችሁ በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት እያያችሁ፤ ልጅ ስታለቅስ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሁሉም ቶሎ ያቋርጣል። ቅጠልም ቡናም አትነስንሱበት።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ሲሰጥ ነው። በተለያዩ ቀናት የሚወሰድ ስለሆነ አንዱን ወስዶ መቅረት አይሠራም። ቡችላ አያብድም የሚባለውም ልክ አይደለም።

ቡችላውን አትግደሉት። ለብቻው ዘግታችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። እስከዚያ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሳት ጊዜ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ያ እስኪታወቅ ተብሎ ግን የልጅቷ ክትባት አይዘገይም። ደግሞ ያበደ ውሻ ሁሉ አይሮጥም፣ አይናከስም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ይተኛል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ሰው አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለውና እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። በፍጹም!

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ በጾም ሥጋ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው። ምን ላብላው?

ውሻው አይጾምም፤ እሱን እንስማማ። የቤቱን ሽሮና ምስር አትስጪው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ። ጨውና በርበሬ የሌለው የበቆሎ ገንፎ ወይም ሩዝ አድርጊለት፤ እንቁላል ጨምሪበት። የጣና ዓሣም አለላችሁ፣ ግን ቀቅለሽ እሾሁን ለቅመሽ።

የባሰው ጾሙ ሲፈታ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠርና አንጀት ይወጋል። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ ለውሻ አትጣሉ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ውሻው ከበላው ሆዱ ውስጥ የኮሶ ዓይነት ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል ከኩሱ ጋር ይወጣና ተመልሶ ወደ ሰው ይገባል፤ ያው ውሃ የቋጠረ ነገር በሰው ጉበት ላይ ያድጋል።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ የምፈልገው ለጥበቃ ነው። ቀን ሙሉ ሲታሰር ኃይለኛ ይሆናል ይባላል።

ፈሪና ተናካሽ ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለ ውሻ ደግሞ ሌባን ከጎረቤት ልጅ አይለይም፤ ከነከሰ ተጠያቂው አንተ ነህ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይሉ የለ? በደንብ አብላው፣ ሳታስረውም ይጮኻል። አጥር ካለህ ግቢ ውስጥ ልቀቀው። ለክረምቱ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ማደሪያ ሥራለት። የጎጃምን ክረምት ጭቃ ላይ ተኝቶ ማሳለፍ ለማንም አይሆንም።

ጥያቄ (ደጀን)፦ ያገኘኋት ሴት ናት። ሁሉም «ተያት» ይለኛል።

የሚሉሽ ስለምትወልድ ነው። ባብዛኛው በዓመት ሁለቴ ወንድ ትፈልጋለች፤ እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ነው። ቡችሎቹን አውጥቶ መጣል እንደ ቀላል ይታያል፤ መንገድ ላይ የምናየው ውሻ ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። የማምከን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም አፈላልጊ። እስከዚያው ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን ሦስት ሳምንት ያህል ከግቢ አታስወጫት። ሴት ስለሆነች ብቻ ግን አትተያት።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ተከራይ ነኝ፤ በየዓመቱ ቤት እቀይራለሁ። አከራዮቼም ውሻ አይወዱም።

አትውሰድ። ውሻ ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ቤት በቀየርክ ቁጥር መልሰህ መንገድ ላይ ልትተወው ነው። ይልቅ ከጎረቤቶችህ ጋር አዋጡና የሰፈራችሁን ውሾች አስከትቡ።